ሲስተር ዝማሬን ስለ መልቀቅና ስላለመልቀቅ

ሲስተር ዝማሬን በደንብ አላውቃትም። ይህን ከመጀመሪያው ብናገር ይሻላል፤ በኋላ አንድ ሰው ተነሥቶ «አንተ ስለሷ ለመጻፍ ማን ነህ?» ቢለኝ መልስ የለኝም። ዘጠኝ ዓመት በአንድ ትንሽ ከተማ ኖረናል። ጠረጴዛዬ ከጤና ጣቢያው በር ፊት ለፊት ስለሆነ ጠዋት ስትገባና ማታ ስትወጣ አያት ነበር፤ ሰላምታም እንለዋወጣለን። ከዚያ ያለፈ ነገር ለመጠየቅ ግን ድፍረቱ አልነበረኝም። «አንቺ» ለማለት እንኳ ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል። እስከዚያ ድረስ «አንቺ»ም «እርስዎ»ም የማያስፈልገው ዓረፍተ ነገር እየፈለግሁ ነበር የማናግራት። «ዛሬ ብርድ ነው» የሚለውን በእነዚያ ሦስት ዓመታት እኔ የተናገርኩትን ያህል የተናገረ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ በሙቀቱም ወር ጭምር።

የማውቀው ይህን ያህል ነው። የተወለደችው ጎንደር ከተማ ነው። አባቷ መሪጌታ ህሩይ ከከተማዋ አድባራት በአንዱ ዜማ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ስሟንም ያወጡላት እሳቸው ናቸው። በአዋላጅነት ዲግሪዋን ይዛ እኛ ዘንድ ስትመደብ ሃያ አራት ዓመቷ ነበር። ከተማችን ከአምባ ጊዮርጊስ ወደ ሰሜን በሚወስደው መንገድ ዳር ያለች፣ ነፋስ የማይለያት፣ ገብስና ድንች የሚሸጥባት ቦታ ናት። ብዙ የጤና ባለሙያ መጥቶ ዓመት ሳይሞላው ተዛውሯል። ዝማሬ ዘጠኝ ዓመት ቆየች። ለምን እንደቆየች አላውቅም፤ አልጠየቅኋትማ።

እኔ ክንዱ እባላለሁ። ማመልከቻ እጽፋለሁ። ድንበር የተገፋበት፣ በሬ የጠፋበት፣ ባሏ ቀለብ የከለከላት ሁሉ ወደኔ ይመጣል፤ እኔም ችግሩን ወደ ቢሮ አማርኛ እለውጥለታለሁ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወስጃለሁ። ያን ጊዜ ምርጫ ስንሞላ አንደኛ ሕክምና አልኩ፤ ሁለተኛም ሕክምና አልኩ። ሦስተኛውን እንዳይደርሰኝ ፈርቼ ባዶውን ተውኩት። ውጤቱ ሲመጣ ግን በምርጫ የሚያስጨንቅ ሆኖ አልመጣም። ስለዚህ ባለፈው ዓመት በሚያዝያ ወር፣ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ሲስተር ዝማሬ ጠረጴዛዬ ድረስ መጥታ የሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ መስፈርት የተጻፈበትን ወረቀት ስትዘረጋልኝ፣ ለጥቂት ጊዜ ለእኔ የመጣ መስሎኝ ደነገጥኩ።

ወረቀቱ ዘጠኝ ነገር ይጠይቃል። የዲግሪው ዋናውና ፎቶ ኮፒው፤ ከተመረቀችበት ተቋም በታሸገ ፖስታ በቀጥታ የሚላክ የውጤት ማስረጃ፤ የስምንተኛ፣ የአሥረኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ካርድ፤ የሥራ ልምድ፤ የልደት ማስረጃ። የጤና ምርመራም አለበት፤ በየቀኑ ለሌላ ሰው የምትሞላው ቅጽ ነው፣ ለራሷ ግን ሌላ ሰው ሊሞላላት ይገባል። ከዚያ አራት ጉርድ ፎቶግራፍና የመመዝገቢያው ገንዘብ የገባበት የባንክ ደረሰኝ። እነዚህን ስምንቱን ለማሟላት ሦስት ጊዜ ጎንደር፣ አንድ ጊዜ ደግሞ የተመረቀችበት ከተማ ድረስ ተመላልሳለች። አንዴ መንገድ ተዘግቶ አምባ ጊዮርጊስ ሁለት ሌሊት አድራለች። ለመኪናው፣ ለአልጋው፣ ለማኅተሙና ለፎቶው ብላ የሁለት ወር ደመወዟን ጨርሳለች፤ የመግቢያ ፈተናውን ደግሞ ገና አልተፈተነችም።

አባቷ ይህን ሁሉ ሲሰሙ መገረማቸውን ነገረችኝ። እሳቸው ወደ መምህራቸው ዘንድ ሲገቡ የተጠየቁት ለምድ፣ ቅልና የውሻ ዱላ ብቻ ነበር፤ ሦስቱንም ይዘው ስለሄዱ በዚያው ቀን ተቀብለዋቸዋል። «አራት ፎቶ ለምን? አንቺ አንድ አይደለሽ እንዴ?» ብለዋታል።

ዘጠነኛው ነገር የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ነው። መሥሪያ ቤቷ ለትምህርት እንደለቀቃትና ወጪዋን መንግሥት እንዲሸፍንላት እንደሚደግፍ የሚገልጽ ደብዳቤ ካልያዘች ስምንቱ ዋጋ የላቸውም። ለነገሩ ያለ እሱም መማር ይቻላል፤ ከኪሱ መክፈል ለሚችል። የአንዱን ዓመት ክፍያ ስትነግረኝ በስንት ማመልከቻ እንደሚሞላ በልቤ ማስላት ጀመርኩ፤ መሃል ላይ ግን የራሴ ዕድሜ እንደማይበቃ ስላየሁ ተውኩት። እሷም እንደኔው ሳታሰላው አልቀረችም። ምዝገባው የሚዘጋው በዚያው ሳምንት ዓርብ ነበር።

እንዲህ የተማረች ሰው ደብዳቤው እንዲሰጣት የሚጠይቀውን ማመልከቻ ራሷ የማትጽፈው ለምን እንደሆነ ግራ ገባኝ። ሳልጠይቃት ነገረችኝ።

«የሰው ካርድ ስጽፍ እጄ አይቆምም። ስለራሴ ግን ‹ጉዳዩ› ከሚለው ቃል አላልፍ አልኩ።»

የመማር ምክንያቷን ማወቅ ስለነበረብኝ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥያቄ ጠየቅኋት። እሷም እንደ ካርድ ጽሑፍ ባጭሩ መለሰችልኝ። በነሐሴ እማማ እናኑ የሚባሉ ሴት ምራታቸውን በቃሬዛ አስይዘው ከቆላው ዳገት አወጡ። ምጡ ከጀመረ ቀን ከሌሊት አልፎታል። ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋት ነበር፤ የእኛ ጤና ጣቢያ ቀዶ ሕክምና የለውም። አምቡላንስ ተጠርቶ፣ በጭቃው ቆሞ፣ ተገፍቶ፣ ጎንደር ሲደርሱ ሴትየዋ ተረፈች። ሕፃኑ አልተረፈም። ዝማሬ መንገዱን ሁሉ አብራት ነበረች።

እሷ በአራት ዓረፍተ ነገር የጨረሰችውን እኔ አንድ ገጽ ተኩል አደረግሁት። ሳነብላት አዳመጠች፤ «ለሌላው እያበራች እንደ ሻማ የምትቀልጥ» የሚለው ላይ ስደርስ ብቻ እጇን አነሣች።

«ሻማውን ያውጡልኝ፣ አያ ክንዱ።»

አወጣሁት። ሃያ ዓመት ስጽፍ ያን ሻማ ያላስገባሁበት የድጋፍ ደብዳቤ አልነበረም፤ አስተማሪ፣ ዘበኛ፣ አንድ ጊዜም የወፍጮ ቤት ሠራተኛ ሻማ ሆኖ ቀልጧል። ማንም ተቃውሞ አያውቅም ነበር።

እስከዚህ ድረስ ያለው ለእኔ ክብር ነው። ያሳፈረኝ ነገር የመጣው ረቡዕ ነው።

ረቡዕ ገበያ ነው። አያ ሙሉሰው ከሰባት ስምንት ሰዎች ጋር ወደ ጠረጴዛዬ መጡ። አያ ሙሉሰው በአካባቢያችን የታወቁ ሽማግሌ ናቸው፤ የተጣላ ያስታርቃሉ፣ ለጋብቻ ይላካሉ። እማማ እናኑም ከኋላቸው ነበሩ። ወሬው ለካ ደርሷቸዋል።

«ምነው ክንዱ፣ ዝማሬ ልትሄድብን ነው አሉ?» አሉኝ አያ ሙሉሰው።

የሰማሁም ያልሰማሁም ለመምሰል ወረቀቶቼን አስተካከልኩ። እሳቸው ቀጠሉ። ሌላ አዋላጅ የለንም፣ ያለፉት ሁሉ ጥለውን ሄደዋል፣ እሷ ከሄደች ሴቶቻችን እንደገና በጎጆ ሊወልዱ ነው፤ ስለዚህ የጤና ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ እንዳይለቃት የሕዝብ ማመልከቻ ጻፍልን አሉኝ። እዚህ ላይ ልናገረው የሚገባኝ ነገር ግልጽ ነበር፦ አያ ሙሉሰው፣ እኔ የሌላኛውን ወገን ጽፌአለሁ፣ ይህን መጻፍ አይገባኝም። አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን «በስንት ኮፒ ይሁን?» የሚል ነው።

መጻፍ ስጀምር በልቤ አንድ ዘዴ ዘየድኩ፤ ደካማ አድርጌ እጽፈዋለሁ አልኩ። ደካማ ማመልከቻ መጻፍ ለእኔ የሚከብድ ሥራ አይደለም፣ ብዙዎቹ ሳልፈልግም እንደዚያ ናቸው። ችግሩ እማማ እናኑ ናቸው። ከጎኔ ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብለው ይነግሩኝ ጀመር። ያንኑ የነሐሴውን ታሪክ ነው የነገሩኝ፣ ግን ዝማሬ የተወችው ሁሉ በሳቸው ታሪክ ውስጥ አለ። አምቡላንሱ ጭቃ ውስጥ ሲቆም ዝማሬ ወርዳ ከወንዶቹ ጋር መግፋቷ፤ የገዛ ጋቢዋን ለምራታቸው ማልበሷና እስካሁን መልሱልኝ አለማለቷ፤ ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ቅዳሜ ዳገቱን ወርዳ እቤት ድረስ መምጣቷ፣ መጥታም ምንም ሳትናገር ልጅቷ አጠገብ መቀመጧ። «ምራቴን በሕይወት ያመጣችልኝ እሷ ናት ብለህ ጻፍ» አሉኝ። ጻፍኩ። እጄ ሞቀ። ሳላስበው ሦስት ገጽ ሞላ። ስጨርስ አንብቤው ደነገጥኩ፤ በሕይወቴ ከጻፍኩት ሁሉ እሱን የሚያህል ሸጋ ጽሑፍ የለኝም። ሰኞ ያወጣሁትን ሻማ እንኳ ሳላውቀው መልሼ አስገብቼዋለሁ።

እስከ ማታ ዘጠና አራት ሰው ፈረመበት፤ አብዛኛው በጣት አሻራ።

ሐሙስ ጠዋት ወደ ጤና ጽሕፈት ቤቱ ሲሄዱ እኔም አብሬ እንድሄድና እንዳነብላቸው አዘዙኝ። በመንገድ ላይ አያ ሙሉሰው ደንቡን ነገሩኝ። ማንም የአገራችን ሰው የሚያውቀው ደንብ ነው፦ ለልመና የተላከ ሽማግሌ ቆሞ ነው የሚለምነው። ባለቤቱ ተቀመጡ ቢል አይቀመጥም። ልመናው ሲሰማለት ይቀመጣል፤ ሳይሰማለት ከተቀመጠ ልመናውን ትቶታል ማለት ነው። አያ ሙሉሰው በአንድ ጋብቻ ጉዳይ ከማለዳ እስከ ቀትር በዝናብ ቆመው ልጅቷን ማስፈቀዳቸው እስካሁን ይወራል።

«አንተ ታነባለህ፣ የቀረውን እኔ እናገራለሁ» አሉኝ። «ብቻ እንዳትቀመጥ።»

ይህን ያህል ቀላል ሥራ ተሰጥቶኝ አያውቅም።

ኃላፊው አቶ ፍቅረ ማርያም ወጣት ናቸው፣ ሰው አክባሪም ናቸው። ገና ስንገባ ተነሥተው ወንበር አቀረቡልን። አያ ሙሉሰው ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። ሁላችንም በግድግዳው ዙሪያ ቆምን። እኔ ማንበብ ጀመርኩ። መስመሩን በጣቴ እየተከተልኩ ነበር የማነበው። ሁለተኛው ገጽ ላይ ስደርስ አቶ ፍቅረ ማርያም ከጠረጴዛቸው ላይ ሌላ ወረቀት አነሡ። የሰኞው፣ የዝማሬ ማመልከቻ ነበር። እጃቸውን ዘርግተው የእኔንም ተቀበሉኝና ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጡ። የእጅ ጽሑፉ አንድ ነው። ቀለሙ አንድ ነው። ሁለቱም «ለክቡርነትዎ በታላቅ ትሕትና» ብለው ይጀምራሉ። ሁለቱም ያንኑ ቃሬዛ ተሸክመው ያንኑ ዳገት ይወጣሉ፤ አንደኛው ስለዚህ ይልቀቋት ይላል፣ ሌላው ስለዚህ አይልቀቋት።

«አቶ ክንዱ፣ እውነቱ የትኛው ነው?» አሉኝ።

«ሁለቱም» አልኩ። ድምፄ ስላልተሰማ እንድደግመው አደረጉኝ። የአያ ሙሉሰው ዓይን ከጎኔ ሲያቃጥለኝ ይታወቀኛል።

አቶ ፍቅረ ማርያም ዝማሬን አስጠሩ። ነጭ ጋውኗን እንደለበሰች መጣች፤ ያን ሁሉ ሰው ቆሞ ስታይ በሩ ላይ ትንሽ ዘገየች። እሳቸው ምንም ሳይሉ የሕዝቡን ማመልከቻ ሰጧት። ቆማ አነበበችው። ረጅም ጊዜ ወሰደባት። እኔ ወለሉን እያየሁ ነበር፤ የሻማው መስመር ላይ ስትደርስ ግን ቀና ብላ እንዳየችኝ ሳላያት አወቅሁ።

ማንበቧን ስትጨርስ ወረቀቱን አጥፋ ያዘችው እንጂ ለኃላፊው አልመለሰችም። ወደ እማማ እናኑ ዞረች።

«እማማ» አለች፣ «ያ ልጅ የሞተው እኔ እዚህ እያለሁ ነው።»

ወረቀቱን ወደ ደረቷ አስጠጋች።

«ምን እንደሚያድነው አውቅ ነበር። እጄ ግን ያን አልተማረም። ነገም እንደዚያው ያለች ብትመጣ፣ ደግሜ አጠገቧ ተቀምጬ ጎንደር ድረስ መሄድ ነው የምችለው።»

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ አላለቀሰችምም። እማማ እናኑ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰበሰቡ። አያ ሙሉሰው ንግግራቸውን ለመጀመር ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉ። በዚህ ጊዜ ነው እኔ የተቀመጥኩት።

ብዙ ሰው ይህን በኋላ ጠይቆኛል፤ እውነቱን እዚህ ልጻፈው። አስቤ አይደለም። ጉልበቴ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ሲንቀጠቀጥ የዋለ ጉልበት የዝማሬን ቃል ሲሰማ ከዳኝ፤ ከኋላዬ ወንበር ነበር፣ ተቀበለኝ። ወንበሩ ደግሞ የሚጮህ ወንበር ነው። አያ ሙሉሰው ንግግራቸውን አቋርጠው ዞሩ። ልነሣ ሞከርኩ፤ ጉልበቴ እምቢ አለኝ።

ከዚያ እማማ እናኑ ተቀመጡ። የእሳቸው እንደኔ አልነበረም። ወንበሩን በእጃቸው ዳስሰው፣ ቀሚሳቸውን አስተካክለው፣ እያወቁ ነው የተቀመጡት። ተቀምጠውም «የኔ ልጅ፣ አነጋገርሽ ሸጋ ነው» ብቻ አሉ። ከኋላ የቆሙት አንድ በአንድ አግዳሚውን ያዙ። በመጨረሻ አያ ሙሉሰው ብቻቸውን ቀሩ። ቁመታቸው ሙሉ ነበር፣ ዱላቸውን ተደግፈው፣ ማንንም ሳያዩ። ብዙ ቆዩ። ከዚያ እሳቸውም ተቀመጡ።

«እንግዲህ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል» አሉ አቶ ፍቅረ ማርያም፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሁሉ። ሌላ አዋላጅ እንዲመደብ በዚያው ቀን እንደሚጽፉ ለሽማግሌዎቹ ቃል ገብተው የሰኞውን ወረቀት ወደሳቸው ሳቡ። ቀትር ሳይሆን ደብዳቤው ተጽፎ ማኅተም ተመታበት።

ውጭ ስንወጣ አያ ሙሉሰው እጄን ያዙኝ።

«አርባ ዓመት ቆሜአለሁ» አሉኝ። «ውሻ ለቀውብኝ ቆሜአለሁ። አንድ ቀን ካንተ ጋር ብቆም አስቀመጥከኝ።»

ይቅርታ ልጠይቃቸው ፈለግሁ፤ እሳቸው ግን ሄደዋል። እስካሁን ከሩቅ ነው ሰላም የሚሉኝ።

ዝማሬ ዓርብ ጎህ ሲቀድ በመጀመሪያዋ ሚኒባስ ሄዳ ምዝገባው ሳይዘጋ ደረሰች። ፈተናውን አለፈች፤ ቃለ መጠይቁንም አለፈች። ለእኛ አዋላጅ የተመደበልን ከሰባት ሳምንት በኋላ ነው። በእነዚያ ሳምንታት ሁለት ሴቶች በቃሬዛ አምባ ጊዮርጊስ ድረስ ተወስደዋል፤ ሁለቱም በደህና ተመልሰዋል። ባይመለሱ ኖሮ ይህን እንዲህ እየቀለድኩ አልጽፈውም ነበር። በከተማው ውስጥ ግን ስሜ ተለወጠ። ግማሹ ሰው ዝማሬ ገንዘብ ሰጥታው ነው የተቀመጠው ይላል። ግማሹ ደግሞ ክንዱን ዝምተኛ ብላችሁ አትናቁት፣ ሁለት ወገን ጽፎ በአንድ ወንበር ፈታው ይላል። ደንበኞቼ ጨመሩ። ስለ ጉልበቴ ለመናገር አስቤ ነበር፤ ግን በዕድሜዬ ብልጥ ስባል የመጀመሪያዬ ነውና ትንሽ ልቆይበት ብዬ ዝም አልኩ።

ባለፈው ጥር ለወረቀትና ለካርቦን ግዢ ጎንደር ወረድኩ። ፒያሳ ላይ ድንገት አገኘኋት። መጽሐፍ ታቅፋለች፤ ከስታለች። ሻይ ቤት አስገባችኝ። ከእሷ በአሥር ዓመት ከሚያንሱ ልጆች ጋር እንደምትማር፣ ልጆቹ «እናት» እያሉ እንደሚጠሯትና ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ሲወስዳት እንደሚቀሰቅሷት ነገረችኝ። ትምህርቱን መንግሥት ቢከፍልም የመጽሐፉና የፎቶ ኮፒው ነገር እንዳላለቀ፣ ቤት ኪራይ እንዳይጨመርባት አባቷ ቤት ተመልሳ እንደገባች፣ እሷ ሌሊት ስታጠና መሪጌታ በሌላኛው ክፍል ዜማቸውን እንደሚያደርሱና ማን ማንን እንደሚረብሽ እስካሁን እንዳልተወሰነ ነገረችኝ። ስለ አዲሷ አዋላጅ ጠየቀችኝ፤ ጎበዝ ናት አልኳት። ስለ እማማ እናኑ ምራት ጠየቀችኝ፤ ነፍሰ ጡር ናት አልኳት። ስንት ወሯ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አላውቅም ስላት እንደ ታካሚዋ ገሠጸችኝ፤ ሁለተኛው የትና መቼ እንደሚወለድ ከወዲሁ ሊታሰብበት ይገባል፣ ለአዲሷ አዋላጅ ዛሬውኑ ይንገሩልኝ አለችኝ። እሺ አልኩ።

ዘጠኝ ወር ሙሉ በሆዴ ይዤው የነበረ አንድ ጥያቄ ነበር። ሰዎቹ ሲያሙኝም ሲያደንቁኝም የማስበው እሱን ነበር፤ እነዚያ ዘጠና አራት አሻራዎች ሁሉ ሊጠይቁት የሚፈልጉት ይመስለኛል። ሻይዬን ጨርሼ፣ ብርጭቆውን አስቀምጬ፣ ሳላቀረቅር ጠየቅኋት።

«ያን ቀን ማናችንም ባንቀመጥ፣ ደብዳቤውም ባይሰጥሽ ኖሮ፣ ከእኛ ጋር ትቀሪ ነበር?»

የመጽሐፉን ጠርዝ በአውራ ጣቷ ወደ ታች ዳበሰችው።

«ይህን ጠይቅ ብለው አያ ሙሉሰው ናቸው የላኩዎት፣ ወይስ የራስዎ ነው?»

«የራሴ ነው» አልኳት።

«ለሽማግሌ መልስ ይገባል፤ የራስዎ ከሆነ ግን አልመልስም፣ አያ ክንዱ» አለችኝ።